ፕሪዳያቤቲስ አለባችሁ ስትባሉ ጣፋጭ መተው ብቻውን ለምን አይበቃም

የላብ ወረቀቱ ላይ 6.1 ይላል፣ ከጎኑ ወደ ላይ የምታመለክት ትንሽ ቀስት አለች፣ በቃ ሌላ ምንም የለውም። ለታላቅ እህቴ የተነገራት "ስኳር ገና አልያዘሽም ግን ድንበር ላይ ነሽ፣ ጣፋጭ ቀንሺ፣ ስፖርት ስሪ" የሚል ነው፣ ፕሪዳያቤቲስ የሚባለው ይሄ ድንበር ነው፣ ሀኪሙ ክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃም አልቆየችም። ቤት ገብታ የስኳር ዕቃውን ከጠረጴዛው አንስታ ደበቀችው፣ ሻይ ያለ ስኳር ጀመረች፣ እንደ መድሃኒት ፊቷን እያጨማደደች ነበር የምትጠጣው። እራት ላይ ግን ሳህኑ ሙሉ ሩዝ ነው፣ አትክልቱ ዳር ላይ ለወጉ ጣል ይደረጋል፣ ከዛ ሶፋ ላይ እስከ እንቅልፍ ሰዓት። ሶስት ወር ታግሳ ስትመረመር ያው 6.1 ሆኖ መጣ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። "እኔ እኮ ጣፋጭ በአፌ አልዞረም" ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነው አልዞረም። ግን ስኳር ማለት የሚጣፍጠው ብቻ እንዳልሆነ ማንም አላስረዳትም፣ ስለ እግሯ ጡንቻ ደሞ ጭራሽ ያነሳላት የለም፣ እኔ ግን የዚህ ነገር ዋናው ቁልፍ እዛ ነው ብዬ ነው የማምነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው፣ ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ነው የሚደናገረው። ስኳር በሶስት መንገድ ይመረመራል። አንዱ በባዶ ሆድ ነው፣ ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም ሳትቀምሱ የምትሰጡት ደም ማለት ነው፣ ከ100 በታች ከሆነ ደህና፣ ከ100 እስከ 125 ፕሪዳያቤቲስ፣ 126 እና ከዛ በላይ ዳያቤቲስ ይባላል። ይሄ በሚሊግራም ሲጻፍ ነው፣ አንዳንድ ላብ በሚሊሞል ስለሚጽፍ ከ5.6 እስከ 6.9 ብላችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፣ ያው አንድ ነገር ነው። ሁለተኛው 75 ግራም ግሉኮስ የሚባል ስኳር በውሃ አጠጥተው ከ2 ሰዓት በኋላ የሚለኩት ነው፣ እዛ ላይ ከ140 እስከ 199 ከሆነ ፕሪዳያቤቲስ ነው። ሶስተኛው ኤዋንሲ (HbA1c) የሚባለው ነው፣ ያለፉትን ሁለት ሶስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳይ፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ፐርሰንት ድንበሩ ነው፣ ከ6.5 ጀምሮ ዳያቤቲስ። አያችሁ፣ 6.1 የሚል ቁጥር በኤዋንሲም በባዶ ሆድ ሚሊሞልም ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ ወረቀቱን ስትቀበሉ የቱ ምርመራ እንደሆነ ጠይቁ፣ አለበለዚያ ዘንድሮ የተለካውን ካምናው ጋር ስታወዳድሩ ሁለት የተለያየ ነገር እያወዳደራችሁ ይሆናል።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፣ ከላይ የጻፍኩት ከ100 የሚጀምረው የአሜሪካ የስኳር ህመም ማህበር መስፈርት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደሞ በባዶ ሆድ ለሚለካው ከ110 ነው የሚጀምረው። ስለዚህ 104 የሆነን ሰው አንዱ ሀኪም ደህና ነህ ሌላው ድንበር ላይ ነህ ቢለው አንዳቸው ተሳስተው ላይሆን ይችላል። ሁለቱም ቢሆኑ በአንድ ሌሊት ከጤነኛ ወደ በሽተኛ የሚያሻግር መስመር አላሰመሩም፣ ስኳሩ ዓመታት እየፈጀ ቀስ ብሎ የሚወጣ ነገር ነው፣ መስመሩ ለኛ መነጋገሪያ ነው።

ኤዋንሲ ለምን ሶስት ወር ያስጠብቃል? ቀይ የደም ሴል ወደ ሶስት ወይ አራት ወር ገደማ ነው የሚኖረው፣ በዛ ዕድሜው ደም ውስጥ ያለው ስኳር እየተለጠፈበት ይሄዳል፣ ምርመራው የሚያነበው ምን ያህሉ እንደተለጠፈበት ነው። ስለዚህ ትናንት ኬክ መብላታችሁ አይቀይረውም፣ ከምርመራው በፊት አንድ ሳምንት መጠንቀቅም ብዙ አይጠቅምም። የደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ይሄን ለሀኪሙ መንገር አለበት፣ የአይረን እጥረት ኤዋንሲን ያለ ስኳር ከፍ ሊያደርገው ይችላል፣ ደም የፈሰሰው ወይ ደም የተሰጠው ሰው ደሞ በተቃራኒው ዝቅ ብሎ ሊታይበት ይችላል፣ እንደዛ ከሆነ በባዶ ሆዱ ምርመራ ማረጋገጥ ይሻላል።

እሺ፣ ሰውነት ውስጥ ምንድነው የሚሆነው። ዳቦም ሆነ ሩዝ፣ ፓስታም ሆነ ድንች፣ አንጀት ውስጥ ሲፈጭ መጨረሻው ግሉኮስ ነው፣ ግሉኮሱ ደም ውስጥ ይገባል፣ ቆሽት ይሄን ሲያይ ኢንሱሊን ይለቃል። ኢንሱሊን ሄዶ ጡንቻን፣ ጉበትን፣ የስብ ሴልን "ስኳር መጥቷል ተቀበሉ" የሚል መልእክተኛ ነው። ትልቁን ድርሻ የሚቀበለው ጡንቻ ነው፣ ቦታም አለው፣ ማቃጠልም ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው ጡንቻ ሳይሰራ ቁጭ ሲል፣ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ደሞ መኖር የሌለበት ስብ ሲጠራቀም ነው፣ ያኔ ኢንሱሊን ሲጠራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። ኢንሱሊን ሬዚስታንስ የሚባለው ይሄ ነው። ቆሽት ታዲያ ዝም አይልም፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ድሮ በትንሽ ኢንሱሊን የሚጨርሰውን ስራ እጥፍ አድርጎ እየለቀቀ ይጨርሰዋል፣ ለዛ ነው ለዓመታት ስኳራችሁ ኖርማል እየታየ ውስጥ ውስጡን ነገሩ ሲበላሽ የሚቆየው። ቆሽቱ መድከም ሲጀምር ነው ቁጥሩ ወረቀት ላይ ብቅ የሚለው። ስለዚህ ፕሪዳያቤቲስ ማለት ቆሽት እየደከመ ነው ግን ገና እጁን አልሰጠም ማለት ነው፣ እኛ የምናደርገው ነገር ሁሉ ደሞ በሁለት በኩል ሸክም ማቅለል ነው፣ ከምግቡ በኩል የሚመጣውን ግሉኮስ ማቅለል፣ ከጡንቻው በኩል ጆሮውን መክፈት።

ጉበትን ደሞ አትርሱት። ሌሊት ሳንበላ ስንተኛ ጉበት ስኳር እየሰራ ይለቃል፣ እንዳይጎድለን ማለት ነው፣ ኢንሱሊን ደሞ በቃህ ብሎ ያስቆመዋል። ጉበት በስብ ከተሞላ ይሄንንም ትእዛዝ አይሰማም። "ማታ ምንም ሳልበላ ተኝቼ ጠዋት እንዴት 112 ይሆናል" የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው፣ አልሰረቃችሁም፣ ጉበታችሁ ነው የጨመረው። የጠዋቱ ቁጥር ብዙ ጊዜ ለመውረድም የመጨረሻው ስለሚሆን ተስፋ አትቁረጡበት።

በርግጥ ይመለሳል ወይ ለሚል ሰው፣ ይሄ ተስፋ ለመስጠት የሚወራ ወሬ አይደለም፣ በደንብ ተፈትኗል። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ 3,234 ፕሪዳያቤቲስ ያለባቸውን ሰዎች በሶስት ከፍለው አንዱን ቡድን አመጋገብና እንቅስቃሴ አስተማሩት፣ አንዱን ሜትፎርሚን የሚባል የስኳር መድሃኒት ሰጡት፣ አንዱን መድሃኒት የሌለበት ክኒን ሰጡት። ለመጀመሪያው ቡድን የተሰጠው ግብ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፣ ከክብደታችሁ 7 ፐርሰንት ቀንሱ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ። ልዩነቱ ግልጽ ከመሆኑ የተነሳ ጥናቱን ከታሰበው ጊዜ በፊት ነው ያቆሙት፣ ውጤቱ 2002 ላይ ሲወጣ አመጋገብና እንቅስቃሴው ወደ ዳያቤቲስ የመግባትን ሪስክ በ58 ፐርሰንት ቀንሶታል፣ ሜትፎርሚኑ በ31 ፐርሰንት። ወደ ሰው ስንመልሰው፣ ምንም ካልተቀየረላቸው 100 ሰዎች በዓመት ወደ 11 የሚሆኑት ዳያቤቲስ ሲይዛቸው ከቀየሩት ውስጥ የያዛቸው ወደ 5 ናቸው። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ደሞ ከሁሉም በላይ ነው የተጠቀሙት፣ 71 ፐርሰንት፣ "አሁንማ አርጅቻለሁ" ለሚሉ አባትና እናቶች ይሄን ቁጥር ንገሯቸው። ፊንላንድ ውስጥ በ522 ሰዎች ላይ የተሰራውም ያንኑ 58 ፐርሰንት ነው ያገኘው። ቻይና ዳቺንግ ከተማ ደሞ በ1986 በ577 ሰዎች የተጀመረ አለ፣ 6 ዓመት ብቻ ነው ያስተማሯቸው፣ ግን ከ30 ዓመት በኋላ ሄደው ሲያዩ ዳያቤቲሱ ወደ 4 ዓመት ገደማ ዘግይቶላቸዋል፣ በልብ ህመም የሞቱትም ያነሱ ነበሩ።

7 ፐርሰንት ሲባል አትደንግጡ፣ 80 ኪሎ የሆነ ሰው 5 ኪሎ ተኩል ምናምን ነው። ቀጭን የመሆን ጉዳይ አይደለም፣ መጀመሪያ የሚወጣው ስብ ብዙ ጊዜ ከጉበትና ከሆድ ውስጥ ያለው ስለሆነ ነው ትንሽ መቀነስ ብዙ የሚጠቅመው። ቀጭን ሆኖም ፕሪዳያቤቲስ የሚይዘው ሰው ደሞ አለ፣ በዘር ሊሆን ይችላል፣ ክንዱ ቀጥኖ ሆዱ አካባቢ የያዘ ሊሆን ይችላል፣ ለሱ ከክብደት መቀነስ ይልቅ ጡንቻ መገንባት ሊበልጥበት ይችላል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ የእህቴን ሳህን እንመልከተው። የተቀቀለ ሩዝ አንድ ኩባያ ወደ 45 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ተፈጭቶ ግሉኮስ የሚሆነው ነገር፣ አለው፣ እሷ ስትበላ የነበረው በትንሹ ሁለት ኩባያ ነው፣ 90 ግራም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው፣ በዚህ ሂሳብ አንድ እራቷ ከ22 ማንኪያ ስኳር ጋር የሚስተካከል ግሉኮስ ይዞ ነው የሚገባው። ከሻይዋ ላይ የቀነሰችው ደሞ በቀን ሶስት ብርጭቆ በሁለት በሁለት ማንኪያ፣ 6 ማንኪያ ነው። 6ቱን በመከራ አስወጥታ 22ቱን ሳታውቀው እያስገባች ነበር። ይሄን ወረቀት ላይ ጽፈን ሳሳያት ዝም ብላ ነው ያየችው።

ሩዝ ወይ ዳቦ መርዝ ነው እያልኩ አይደለም፣ ጨርሶ መተውም አያስፈልግም፣ ጨርሶ የተዉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከወር በኋላ በእጥፍ ይመለሱበታል። ጉዳዩ መጠኑና አጃቢው ነው። ሳህኑን በዓይን ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሹ አትክልት ይሁን፣ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ፎሶሊያ፣ ያገኛችሁትን፣ ድንችና በቆሎ ግን በዚህ ሂሳብ አትክልት አይደሉም ከዳቦው ወገን ናቸው። የቀረውን ግማሽ ደሞ ለሁለት ክፈሉት፣ አንዱ ሩብ ፕሮቲን፣ እንቁላል አሳ ዶሮ ምስር ባቄላ፣ የመጨረሻው ሩብ ብቻ ሩዙ ወይ ፓስታው ወይ ዳቦው ይሁን። ምስር፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ ምናምን ካርቦሃይድሬት ቢኖራቸውም ፋይበር (አንጀት ውስጥ የማይፈጨው ክፍል) እና ፕሮቲን አብሮ ስላለ ቀስ ብለው ነው የሚፈጩት፣ ስኳርን እንደ ነጭ ዳቦ አያስፈነጥሩትም፣ እኔ አንድ ምግብ ብቻ ጨምሩ ብባል እነሱን ነበር የምለው። ተራውም ልዩነት አለው፣ አትክልቱንና ፕሮቲኑን አስቀድማችሁ ዳቦውን ወይ ሩዙን መጨረሻ ላይ ስትበሉ ያው ምግብ ሆኖ ከበላችሁ በኋላ ስኳር የሚወጣው ከፍታ ያንሳል፣ ምንም ሳትተዉ የምታገኙት ነገር ነው፣ ሞክሩት።

የሚጠጣው ላይ ግን ጠንከር ልበል። 330 ሚሊ ኮካ ኮላ ወደ 35 ግራም ስኳር አለው፣ 9 ማንኪያ ማለት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው የሚለውን አንዷ ጠርሙስ ጨርሳ ታልፈዋለች፣ ሆድ ደሞ አይሞላም። ጁስም ቢሆን ከፍራፍሬ የተሰራ ነው ተብሎ አይዘለልም፣ አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ሶስት አራት ብርቱካን ይጨመቃል፣ ፋይበሩ ይቀራል ስኳሩ ይጠጣል፣ አንድ ብርቱካን ልጣችሁ መብላት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ማኘኩ ራሱ ያስቆማችኋል። ስኳር ትቶ ማር ማብዛት ደሞ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፣ ጉበትም ቆሽትም ማር ነው ብለው አያዝኑላችሁም። ቡናማ ስኳርም ያው ነው። ቡናማ ቀለም ያለው ዳቦ ሁሉ ሙሉ እህል አይደለም፣ ማሸጊያው ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ሙሉ ስንዴ መሆኑን እዩ። "ስኳር ያጠፋል" ተብሎ የሚሸጥ ቅጠልና ዱቄት ላይ ገንዘባችሁን አታፍስሱ፣ ምን እንዳለበት ስለማይታወቅ ለኩላሊትም ለጉበትም ጣጣ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጡንቻው። ከሁሉም በላይ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው ይሄንን ነው። ጡንቻ እየሰራ ከሆነ ኢንሱሊንን አይጠብቅም፣ ሲኮማተርና ሲዘረጋ በራሱ መንገድ በሩን ከፍቶ ግሉኮስ ከደም ይስባል። ማለትም ኢንሱሊንን አልሰማም ያለው ያው እግራችሁ መሄድ ስትጀምሩ ስኳሩን ራሱ ይወስዳል፣ ቆሽት ያርፋል። ከዛ ደሞ ከስፖርቱ በኋላ ለአንድ ቀን አንዳንዴ እስከ ሁለት ቀን ድረስ ለኢንሱሊን ያለው ጆሮ ተከፍቶ ይቆያል፣ ከዛ ቀስ ብሎ ይዘጋል። ሁለት ቀን በተከታታይ አትዝለሉ የሚባለው ለዚህ ነው፣ እሁድ ብቻ ሁለት ሰዓት ተሯሩጦ ሳምንቱን ሙሉ መቀመጥ የማይበቃውም ለዚሁ ነው።

150 ደቂቃ በሳምንት 5 ቀን ለ30 ደቂቃ ነው፣ ሶስት ጊዜ በአስር በአስር ደቂቃ ከፍላችሁ ብትሄዱትም ይቆጠራል። አካሄዱ ግን ፈጠን ያለ ይሁን፣ ማውራት የምትችሉበት ግን መዝፈን የማትችሉበት ፍጥነት፣ መለኪያው እሱ ነው፣ ሰዓትም አፕም አያስፈልግም። ሰዓቱን መምረጥ ከቻላችሁ ደሞ ከምግብ በኋላ አድርጉት፣ ስኳር ደም ውስጥ የሚጎርፈው ያኔ ስለሆነ ከእራት በኋላ የምትሄዷት 10 ወይ 15 ደቂቃ ስኳሩን መንገድ ላይ ትይዘዋለች። እህቴ ጂም ብትባል በጭራሽ አትሄድም፣ ከእራት በኋላ ሳህን ሳይታጠብ ጫማ ማድረግ ግን ቻለች፣ ጫማውን በር ላይ ነው የምታስቀምጠው።

ከመሄድ ሌላ ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር በሳምንት ሁለት ሶስት ቀን ጨምሩ፣ ብዙ ሰው ይሄን ይረሳዋል። ብረት ማንሳት የግድ አይደለም። ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣጥፋችሁ ተነሱ፣ ቀስ ብላችሁ ተመልሳችሁ ተቀመጡ፣ 10 ጊዜ፣ ትንሽ አርፋችሁ እንደገና። ትልልቆቹ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ናቸው የሚሰሩት፣ ብዙ ስኳር የሚበሉትም እነሱ ናቸው። ግድግዳ ተደግፎ ፑሽአፕ፣ ደረጃ መውጣት፣ ሁሉም ይሆናል። ስራችሁ መቀመጥ ከሆነ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስታችሁ ትንሽ ተንቀሳቀሱ። የልብ ህመም ያለባችሁ ወይ ስትሄዱ ደረታችሁን የሚያስጨንቃችሁ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ሀኪም አማክሩ፣ ይሄ ለወግ የሚባል አይደለም።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ስኳሩ ከፍ ይላል፣ ረሃቡም ይጨምራል፣ ሲጋራም ሪስኩን ይጨምራል፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይድ መድሃኒቶችም ስኳር ያወጣሉ፣ እየወሰዳችሁ ከሆነ በራሳችሁ አታቁሙ ግን ሀኪሙ ማወቅ አለበት። ሜትፎርሚን ደሞ ለአንዳንድ ሰው ይታዘዛል፣ በተለይ ክብደቱ በጣም ከፍ ያለ፣ ዕድሜው ከ60 በታች የሆነ፣ ወይ በእርግዝና ጊዜ ስኳር የነበረባት ከሆነ፣ መድሃኒት ተሰጠኝ ማለት ተሸነፍኩ ማለት አይደለም፣ ከመሄዱና ከምግቡ ጋር አብሮ ነው የሚወሰደው።

የቤት መለኪያ ያላችሁ ሰዎች፣ በየሰዓቱ እየወጋችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ፣ የምታዘወትሩትን አንድ ምግብ መርጣችሁ ከመብላታችሁ በፊትና ከጀመራችሁ 2 ሰዓት በኋላ ለኩት፣ ሌላ ቀን ያንኑ ምግብ በልታችሁ 15 ደቂቃ ሄዳችሁ ለኩት፣ ሁለቱን ስታዩ እኔ እዚህ ከጻፍኩት ሁሉ በላይ ያሳምናችኋል። ምርመራው ቢያንስ በዓመት አንዴ መደገም አለበት፣ ለውጥ እያደረጋችሁ ከሆነ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ማየት ጥሩ ነው። በመሃል ውሃ ጥም ከበዛባችሁ፣ ሽንት ከተመላለሳችሁ፣ ሳታስቡት ከቀጠናችሁ ወይ ዓይናችሁ ከደበዘዘ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ፕሪዳያቤቲስ እንደዚህ አይነት ምልክት የለውም፣ ምልክት ካለ ነገሩ አልፎ ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል።

እህቴ ሩዙን ወደ ሩብ ሳህን አውርዳ ከእራት በኋላ መሄድ ከጀመረች ከአምስት ወር በኋላ ስትመረመር 5.8 ሆነ፣ ክብደቷ 4 ኪሎ ነው የቀነሰው፣ ሻይዋ ላይ ደሞ ግማሽ ማንኪያ ስኳር መልሳለች። 5.8 አሁንም ድንበሩ ውስጥ ነው፣ እሷም ታውቀዋለች። ማታ ማታ ስትደውልልኝ ትንፋሿ ቆረጥ ቆረጥ ይላል፣ እየሄደች ነው የምታወራኝ፣ መዝፈን እንደማትችል ይታወቃል።